ኮዬ ፈጬ ላይ «አንድ ቤተሰብ» የሚባለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናት አዲስ አበባ ዳር ባለው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ መጠይቅ ልናስሞላ ነው። በአንድ ቤት ባልና ሚስት፣ ልጅ፣ ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ፣ ሠራተኛና አንድ ክፍል የያዘ ተከራይ ካሉ እንዴት ይቆጠራሉ?

መልስ 1፦ በር ሳይሆን ድስት ቁጠሩ። አብሮ የሚኖርና ከአንድ ማጀት የሚበላ አንድ ቤተሰብ ነው። የእህት ልጅ ትገባለች። ሠራተኛዋ እዚያው የምታድር ከሆነ ትገባለች፣ ተመላላሽ ከሆነች አትገባም። ተከራዩ ለብቻው ካበሰለ ሌላ ቅጽ ሙሉለት። ከኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ባሉት የገበሬ ግቢዎችም እንዲሁ ነው፤ ልጅ አግብቶ አባቱ ግቢ ጎጆ ቢወጣ አጥሩ አንድ፣ ቤተሰቡ ግን ሁለት ነው።

መልስ 2፦ «ቤተሰብህ ስንት ነው?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ! አገር ቤት ያለውን ወንድም ሁሉ ይቆጥርላችኋል፤ ሠራተኛዋንና አራሱን ሕፃን ደግሞ ይረሳል። «ትናንት ማታ እዚህ ማን አደረ?» ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ በቋሚነት የሚኖረውን ለዩ። ባል ዐረብ አገር ከሆነ ሚስቲቱን እማወራ (የቤተሰቡ ኃላፊ) ብላችሁ መዝግቡ።

መልስ 3፦ «ከኃላፊው ጋር ያለው ዝምድና» የሚል ዓምድ አይቅር። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በአገር ደረጃ 4.6፣ አዲስ አበባ 1.8 ነበር። ስለዚህ እዚህ ቤቱን የሚሞላው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ዘመድም ሠራተኛም ነው። ድምሩን ብቻ ካያችሁ ይህ አይታይም።