የተማሪ አትሌቱን ትምህርት ማን ይምራው፦ ስፖርት ክፍሉ ወይስ ዩኒቨርሲቲው?

በላይ፦ በትልልቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ክፍሉ ራሱን የቻለ ግቢ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሙ፣ የምግብ ባለሙያው፣ አስጠኚው፣ የትምህርት አማካሪው፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ተማሪ አትሌት የሚያድገው በነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ጥያቄዬ ስለ አማካሪው ብቻ ነው። ልጁ ምን ይማር ብሎ የሚመክር ሰው አለቃው የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ መሆን አለበት? እኔ የለበትም ባይ ነኝ። ያ ኃላፊ የሚገመገመው በዋንጫ ነዋ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።)

ጡረተኛ ሯጭ፦ በላይ፣ አንተ ከውጭ ሆነህ ነው የምታየው። እኔ በስኮላርሺፕ ሄጄ ሮጫለሁ። ፈተና ሲከብደኝ ቀድማ የምትደውልልኝ የስፖርት ክፍሉ አማካሪ ነበረች። የዋናው ግቢ አማካሪ በቀጠሮ ነው የሚገኘው፤ ቀጠሮው ደግሞ ልምምድ ሰዓት ላይ ይውላል። ለውድድር ስንወጣ የትኛው መምህር ፈተና እንደሚያዛውር፣ የትኛው ሞቼ ነው ቆሜ እንደሚል የምታውቀው እሷ ናት። ያሬድ ንጉሤን እዩት። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደው ማለቴ ነው። ኖተር ዳም ባዮኬሚስትሪ እየተማረ በ2019 የዩኒቨርሲቲዎች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 ፓሪስ ላይ ነሐስ ወሰደ። ሁለቱም ይቻላል።

ሶሎሜ፦ ያሬድ ጎበዝ ነው፣ ማን ይክዳል? ግን አንድ ጎበዝ ልጅ ስለተገኘ ሥርዓቱ ጤነኛ ነው አይባልም። እስቲ ሰዓቱን እንቁጠር። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት በሚመራው ማኅበር፣ በኤንሲኤኤ ሕግ፣ በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት አይበልጥም። ሲሰሙት ደስ ይላል። የውድድር ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቢፈጅም የሚቆጠረው 3 ሰዓት ነው። ጉዞ አይቆጠርም። ሕክምና አይቆጠርም። "በፈቃደኝነት" የሚባለው ልምምድም አይቆጠርም፤ የቀረ ግን አሰልጣኙ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ስታንፎርድ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ከ2024 ጀምሮ የአትላንቲክ ጠረፍ ሊግ ውስጥ ነው። ቦስተን ደርሶ መመለስ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መብረር ነው።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም። ለረጅም ዓመታት የሠራ ሌላ ሕግ አለ። አትሌቱ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶ መጨረስ አለበት። የታሰበው ለበጎ ነው። አሁን አንድ ልጅ ሁለተኛ ዓመቱ መጨረሻ ላይ "ምህንድስና ልግባ" አለ እንበል። እስካሁን የወሰዳቸው ኮርሶች ለአዲሱ ዲግሪ ካልተያዙለት 40 በመቶው አይሞላም፣ አይሰለፍም። አማካሪዋ ምን ትበለው? አለቃዋ እንዲሰለፍ ይፈልጋል። ባለህበት እርጋ የምትለው ክፉ ሆና አይደለም።

ነገረ ፈጅ፦ ስፖርት ክፍሉ ክፉ፣ መምህሩ ደግ ብላችሁ ከፍላችሁታል። ቻፕል ሂል ያለውን የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ረሳችሁት? ከ1993 እስከ 2011 ክፍል የማይገባባቸው፣ አንድ ወረቀት ጽፈው ጥሩ ውጤት የሚያገኙባቸው ኮርሶች ነበሩ። በ2014 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ከ3,100 በላይ ተማሪዎች ወስደዋቸዋል ይላል። የፈጠራቸው አሰልጣኝ አይደለም። የአንድ ትምህርት ክፍል የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ የክፍሉ ኃላፊም ነበረበት። አማካሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲው አዛውራችሁ ምን ልታተርፉ?

በላይ፦ ግማሹን ነው የተናገርከው። ያው ሪፖርት ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ አትሌቶች ነበሩ ይላል። በግቢው ግን አትሌት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ታዲያ መንገዱን ማን አሳያቸው? የአትሌቶቹ አማካሪዎች ናቸዋ። ያቺ ሠራተኛ በ2009 ጡረታ ስትወጣ ለአሜሪካ እግር ኳስ አሰልጣኞች ስላይድ አዘጋጅተው "ኮርሶቹ ቀርተዋል" ብለው አስጠነቀቁ። ስላይድ! በ2017 ደግሞ ኤንሲኤኤ ኮርሶቹ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ነበሩ ብሎ ሳይቀጣ ተወው።

ጡረተኛ ሯጭ፦ እሺ፣ እንደዚህ ይሁን። ቢሮዋ ልምምድ ሜዳው አጠገብ ይቆይ፤ ደመወዟንና ግምገማዋን ዩኒቨርሲቲው ይያዝ። ግን ማታ ስንደውል ታነሣለች? ፍርሃቴ እሱ ነው።

ነገረ ፈጅ፦ እናንተ ገና የድሮው ላይ ናችሁ። በሰኔ 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው የአትሌቶችና የኤንሲኤኤ ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአትሌቶቹ ማካፈል ይችላል። የሚከፈለው ሰው ትምህርቱን ራሱ ይምረጥ፣ ጎልማሳ ነው።

ሶሎሜ፦ ዋናተኛዋ ከዚያ ምን ይደርሳታል? አብዛኛው የሚሄደው ለአሜሪካ እግር ኳሱና ለቅርጫት ኳሱ ነው። እንደ ጡረተኛችን በተማሪ ቪዛ የሄደ ደግሞ የሥራ ገደብ አለበት። ፕሮፌሽናል የሚሆኑት ከመቶ ሁለት እንደማይሞሉ ኤንሲኤኤ ራሱ ይናገራል። ለቀሩት ዲግሪው ነው የሚተርፋቸው። ስለዚህ የአለቃው ነገር ብቻ አይበቃኝም። እያንዳንዱ ቡድን አትሌቶቹ በየትኛው ትምህርት ስንት ስንት እንደሆኑ በየዓመቱ ያውጣ። ስም አያስፈልግም፣ ቁጥር ብቻ።

ጡረተኛ ሯጭ፦ የኛ ቡድን ቢወጣ ገጹ አጭር ነበር። ከግማሽ በላይ አንድ ዲፓርትመንት ነበርን። እኔ ግን ወድጄው ነው የገባሁት!

ሶሎሜ፦ ሌሎቹስ?