በራግቢ ሊግ የውጭ ተጫዋቾች ኮታ ማንን ይቆጥራል?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዝን ከፍተኛ የራግቢ ሊግ ውድድር፣ ሱፐር ሊግን፣ መከታተል ከጀመርሁ ወዲህ ያልገባኝ ጉዳይ አለ። የውጭ ተጫዋቾች ቁጥር በኮታ የተወሰነ ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት የፊጂና የፓፑዋ ኒው ጊኒ ተጫዋቾች ከኮታው ውጭ ሲሆኑ አውስትራሊያውያን ግን ይቆጠሩ ነበር። ምክንያቱ ምንድን ነው? በወረዳችን ታዳጊ ቡድን ስለማግዝ፣ ለእግር ኳሳችን የሚጠቅም ነገር ካለበትም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
ወንድም ዓለም፣ ነገሩ የሚጀምረው ከእጅ ኳስ ነው። ማሮሽ ኮልፓክ የተባለ ስሎቫኪያዊ ግብ ጠባቂ በጀርመን ሲጫወት፣ አገሩ ገና የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልነበረች በኮታ ውስጥ ይቆጠር ነበር። ጉዳዩ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2003 ተፈረደለት፤ ፍርዱም ከኅብረቱ ጋር ስምምነት ያለው አገር ዜጋ በሕጋዊ መንገድ ተቀጥሮ እስከ ሠራ ድረስ በዜግነቱ ምክንያት ሊገደብ አይገባም የሚል ነበር። በ2000 ከኅብረቱ ጋር የተፈረመው የኮቶኑ ስምምነት የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ አገራትን ስላቀፈ ፊጂ፣ ሳሞአ፣ ቶንጋና ፓፑዋ ኒው ጊኒ በዚህ በር ገቡ፤ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ አባል ስላልነበሩ ቀሩ። ኢትዮጵያም ፈራሚ ስለነበረች፣ አንድ የጎጃም ልጅ የሥራ ፈቃድ አግኝቶ ለእንግሊዙ ክለብ ለዊጋን ቢሰለፍ ኖሮ ከሲድኒ ከመጣው የተሻለ መብት ይኖረው ነበር። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ግን ይህ በር በ2020 መጨረሻ ተዘጋ። ቀድሞ 5 የነበረው ኮታም በዚያው አካባቢ ወደ 7 ከፍ ተደርጓል።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦
ማብራሪያው ትክክል ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የውጭው ተጫዋች የሚሰለፍበት ቦታ ነው። በራግቢ ሊግ ከ13ቱ ተሰላፊዎች ጨዋታውን በዋናነት የሚመሩት 1፣ 6፣ 7 እና 9 ቁጥር ለባሾች ናቸው። ብዙ የውጭ ተጫዋቾች የተፈቀዱለት ክለብ አራቱን በእነዚህ ቦታዎች ቢያሰልፍ ሕግ አልጣሰም፤ የአገሬው ወጣት ግን ኳስ ይዞ መጋፈጥን እንጂ ጨዋታ መምራትን ሳይማር ያድጋል። የውጭ ግብ ጠባቂዎች በፕሪሚየር ሊጋችን በበዙ ጊዜ ያየነውም ይኸንኑ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲወድቅ ሲነሣ የሰነበተ ታዳጊ፣ የጨዋታው ቀን ጓንቱን እንዳጠለቀ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይውላል።

በሩን ጨርሶ መዝጋትን ግን አልደግፍም። እንግሊዞች የውጭ ዝውውር እገዳውን በ1983 ካነሡ በኋላ፣ በ1985ቱ የቻሌንጅ ካፕ (የእንግሊዝ ራግቢ ሊግ ዋንጫ) ፍጻሜ ዊጋን ሌላውን ክለብ ሀልን 28 ለ 24 ሲያሸንፍ፣ በሲድኒው ፓራማታ አብረው የሚጫወቱት አውስትራሊያውያኑ ብሬት ኬኒና ፒተር ስተርሊንግ በዌምብሌይ ተቃራኒ ሆነው ተገናኙ። ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ በአድናቆት ይነሣል። ከእንዲህ ያለ ሰው አጠገብ የተሰለፈ ወጣት ብዙ ይማራል፤ መሰለፉ ግን ግድ ነው።

ጮቄ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አውስትራሊያውያን ራሳቸው ኮታ አላቸው?

ጣና ዳር፦
የላቸውም። የእነርሱ ሊግ ክለቦችን የሚገድበው በደመወዝ ጣሪያ ነው፤ የኒው ዚላንድ ክለብም ከ1995 ጀምሮ አብሮ ይወዳደራል፣ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ደግሞ በ2028 እንዲገባ ተወስኗል። ይህን የሚችሉት ታዳጊ በብዛት ስለሚያፈሩ ነው። ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው የዳሞት ሐሳብ ይመስለኛል፤ ፌዴሬሽኑ የውጭ ተጫዋቾችን ቁጥር ከመወሰን አልፎ፣ እያንዳንዱ ክለብ ለአገር ውስጥ ግብ ጠባቂ በዓመት ስንት ጨዋታ እንደሰጠ ይቁጠር።