ከመጠለያ የወጣች ሴት የት ትግባ?

ሕይወት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ስናወራ አብዛኞቻችሁ «መጠለያ ይብዛ» ብላችሁ ነው የጨረሳችሁት። እኔ እዚያ ላይ መቆም የለብንም ባይ ነኝ። መጠለያ ነፍስ ያድናል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ለጊዜው ነው። ቁስሏ ይሽራል፣ ክሷ ይጀመራል፣ ልብስ ስፌት ወይ ምግብ ዝግጅት ትማራለች፣ ከዚያ ሌላ ተራ የምትጠብቅ ስላለች ትወጣለች። ሁለት ልጅ ይዛ የት ትግባ? በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ? ብዙዎቹ ወደ ደብዳቢያቸው የሚመለሱት አንጀታቸው አልቆርጥ ብሎ አይደለም፣ ከነልጆቻቸው የሚያድሩበት ስላጡ ነው። ከተማው ለእነዚህ ሴቶች አንድ ሁለት ዓመት የሚቆዩበት፣ ኪራዩ አቅማቸውን ያገናዘበ የመሸጋገሪያ ቤት ይመድብ እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

የጉለሌው፦ አልስማማም። ቤት የማያስፈልገው ማን አለ? በ2005 ተመዝግቦ እስካሁን ከደሞዙ እየቆጠበ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቅ ስንት ሕዝብ አለ። ለሴቶች ደግሞ ከዕጣው 30 በመቶ ተለይቶ ይያዛል። አሁን ደግሞ ሌላ ወረፋ?

ሕይወት፦ ወንድሜ፣ ዕጣው እኮ ቆጥቦ ለዓመታት መጠበቅ ለሚችል ሰው ነው። ዛሬ ማታ የምታድርበት ለሌላት ሴት 30 በመቶው ምን ይሠራላታል? የቁጠባ ደብተሩም ብዙ ጊዜ በባልየው እጅ ነው። በስሟ ቤት ይሰጣት አላልኩም። እግሯን እስክትተክል ትቆይበት፣ ከዚያ ለሌላዋ ትልቀቅ ነው የምለው።

ጋሽ አበራ፦ ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነው። በባልና ሚስት መሀል ዘው ተብሎ አይገባም። ድሮ ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር፣ የንስሐ አባት ይመክር ነበር፣ ስንት ትዳር ነው የተረፈው። አሁን ትንሽ ሲጋጩ ቤት ከተዘጋጀላት ማን ይታረቃል? ልጆችስ ያለ አባት ማደጋቸው ነው?

ትዕግሥት (ማኅበራዊ ሠራተኛ)፦ ጋሽ አበራ፣ በአክብሮት ልመልስልዎት። ትንሽ ተጋጭታ መጠለያ የምትመጣ ሴት እኔ አላየሁም። የሚመጡት እጃቸው ተሰብሮ፣ ፊታቸው ተቃጥሎ፣ አንዳንዴም በባዶ እግራቸው ነው። አብዛኛዎቹ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦላቸው ያውቃል፣ ያውም ደጋግሞ። ባልየው ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሷ ትመለሳለች፣ ቀጥሎ የባሰ ይመጣል። ሽማግሌዎቹም ከዚሁ ማኅበረሰብ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሴቶቹ ራሳቸው 63 በመቶዎቹ ባል ሚስቱን ሊመታ የሚችልበት በቂ ምክንያት አለ ብለዋል። ወጥ ማሳረር ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። እዚያው ጥናት ላይ አግብተው ከሚያውቁት ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ «ቻይው» የሚላት ሰው አላጣችም። ያጣችው መሄጃ ነው።

ጋሽ አበራ፦ እጅ የሰበረማ ወንጀለኛ ነው፣ ይታሰር። እኔ እሱን አልደገፍኩም። ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም።

ናሆም፦ ሁላችሁም ጥያቄውን ገልብጣችሁታል። ለምን እሷ ትወጣለች? የደበደበው እሱ፣ ከሰፈሯ፣ ከልጆቿ ትምህርት ቤት፣ ከእድሯ የምትነቀለው እሷ! በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 ላይ እኮ አለ። የፍቺ ጥያቄ ቀርቦ ውሳኔ እስኪሰጥ አንዱ ከቤት መውጣት ካለበት ማን ይውጣ የሚለውን ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅምና የተጋቢዎቹን ሁኔታ አይቶ ይወስናል። ወንጀል ሕጉም አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ይመለከታል። ሕጉን አስፈጽሙ፣ እሱን አስወጡት፣ ሌላ ቤት መፈለግ አያስፈልግም።

ትዕግሥት፦ ናሆም፣ ሐሳብህ ትክክል ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ የምመኘው ይህንኑ ነው። ግን አንቀጽ 82 የሚሠራው ፍቺ ስትጠይቅ ነው። ፍቺ ሳትጠይቅ፣ ዛሬ ማታ ፖሊስ ጋ ሄዳ «እንዳይጠጋኝ ትእዛዝ ስጡልኝ» የምትልበት፣ ለቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ የወጣ ሕግ የለንም። እሱ በዋስ ሲወጣ ቤቱን ያውቀዋል፣ ቁልፉም አለው። ደግሞ ስንቷ ናት በባሏ እናት ግቢ ውስጥ የምትኖረው? እሱ ቢወጣ እንኳ አማቷና ወንድሞቹ እዚያው ናቸው። የኪራይ ውሉም በእሱ ስም ነው። ለአንዳንዷ እሱ ይውጣ፣ ለብዙዋ ግን እሷን ማራቅ ነው ሕይወቷን የሚያተርፈው።

ሰብለ ከቨርጂኒያ፦ እዚህ አሜሪካ እንዳንተ ሐሳብ እሱን የሚያርቅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ ናሆም፣ ግን ቤት መስጠቱን አልተዉትም። ከመጠለያ በኋላ እስከ 24 ወር የሚያቆይ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ የመሸጋገሪያ ቤት አለ። እ.ኤ.አ በ1994 የወጣው ሕግ ደግሞ ባሏ የመኖሪያ ወረቀቷን መያዣ እንዳያደርገው፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል የሚበድላት ሴት ያለ እሱ ራሷ እንድታመለክት ይፈቅዳል። ይህንን የማያውቁ ስንት ሐበሻ እህቶች አሉ፣ «ካልቻልሽ አገርሽ ትላኪያለሽ» እየተባሉ ዓመታት የሚቀመጡ። በእናታችሁ፣ ለምታውቁት ንገሩ።

የጉለሌው፦ አሜሪካ ገንዘብ አላት። እኛ ጋ ማን ይከፍላል? ያሉት መጠለያዎችስ በማን ነው የሚኖሩት?

ትዕግሥት፦ አብዛኛው በማኅበራትና በለጋሾች። እ.ኤ.አ በ2003 የተቋቋመውን የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን ውሰድ። ከመሥራቾቹ አንዷ የቀድሞዋ ዳኛ ማሪያ ሙኒር ናቸው። ከአዲስ አበባ ውጭም አዳማና ሐዋሳ ድረስ ሠርተዋል። ግን የማኅበር ሥራ ለጋሹ ሲደክም ይደክማል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ አንዲት ሴት አንድ ዓመት ሙሉ ተንከባክበናት፣ እንቅልፏ ተመልሶ፣ ልጇ መሣቅ ጀምሮ፣ በመጨረሻ በአንድ ክፍል ኪራይ ምክንያት ወደዚያው ቤት ስትመለስ ማየት። መታወቂያዋ እዚያው ቤት ቀርቷል። አከራዩ ተያዥ ይላታል። ባል የላትም፣ ልጆች አሏት፣ «ለላጤ አናከራይም» ይላታል። በ1320/2016 የኪራይ አዋጅ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ውሉም ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፤ ግን መጀመሪያ የሚያከራያት ስታገኝ አይደል? የልጆቹ መሸኛ ሲጠየቅ ደግሞ አዲሱ ትምህርት ቤት የት እንደሆነ አባትየው ይደርስበታል። ይህንን ሁሉ ብቻዋን ነው የምትጋፈጠው።

ናሆም፦ የመሸኛውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ ለእነዚህ ቤቱ ይኑር። ግን ሕጉም ይውጣ፣ እሱን አልተውም።

የጉለሌው፦ እኔ አሁንም ቤት መመደብን እቃወማለሁ። የቀበሌ ቤት ከተመደበ ነገ ማን ያስለቅቃቸዋል? በዘመድ የሚገባም ይመጣል። ኪራይ ይደጎምላት ብትሉኝ ግን እስማማለሁ። በጊዜ የተወሰነ፣ እየቀነሰ የሚሄድ።

ሕይወት፦ እሱንም እቀበላለሁ፣ በአንድ ነገር ብቻ። ገንዘቡን ሰጥተናት ቤት ፈላጊዋ እሷው ከሆነች ትዕግሥት የጻፈችው ሁሉ ይደገማል። ስለዚህ ከአከራዩ ጋር ውሉን የከተማው የሴቶች ቢሮ በራሱ ስም ይፈርም፣ ተያዥም እሱ ይሁን፣ አድራሻዋም ከመዝገብ እንዳይወጣ ይጠበቅ። ለዚህ መስፈርት የሚያወጣ ሰው ግሩፑ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ፣ ጽፈን እናስገባ።