በኦፕንሪፋይን ሞክሼ ፊደላትን አንድ ለማድረግ የእርዳታ ጥያቄ

የእድራችንን የአባላት መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከገለበጥን በኋላ፣ ኦፕንሪፋይን በተባለው ነፃ ፕሮግራም ለማጽዳት እየተማርኩ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። መዝገቡን ሦስት ሰዎች ስለጻፉት «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» የአንድ አባል ስም ሆነው ሳለ ፕሮግራሙ ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

የሚመሳሰሉ ጽሑፎችን በቡድን የሚሰበስበው፣ ክላስተር የተባለው የፕሮግራሙ መሣሪያ ትርፍ ክፍተትንና ሥርዓተ ነጥብን እያስወገደ ስለሚያነጻጽር የእነዚህን ስህተት አቃልሎልኛል፤ ሞክሼ ፊደላትን (እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ የሆነውን) ግን እንደተለያዩ ፊደላት ይወስዳቸዋል። የፊደል ልዩነትን በሚቆጥረው በሌቨንሽታይን ዘዴ ስሞክር ደግሞ «አበበ ገብረማርያም» እና «አበባ ገብረማርያም» የተባሉትን ወንድምና እህት እንዳዋህዳቸው ሐሳብ አቀረበልኝ፤ የአንዳቸው መዋጮ በሌላው ስም እንዳይመዘገብ ስለሰጋሁ ይህን መንገድ ትቼዋለሁ።

አሁን የማስበው ዋናውን የስም ዓምድ ሳልነካ ከእሱ ሁለተኛ ዓምድ ፈጥሬ፣ በዚያ ላይ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መቀየር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ቅርጽ ስላለው፣ በተናጠል ከሠላሳ በላይ የመተኪያ ትእዛዝ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ፕሮግራሙ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጃይተን በተባለው የፓይተን ዓይነት በኩል እንደሚቀበል አይቻለሁና፣ ሁሉንም ፊደላት በአንድ ጊዜ የሚተካ አጭር ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ ብታሳዩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።