ለእንቁጣጣሽ ከልጆች ጋር በወረቀት ምን እንስራ?

የሁለት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሴቷ 8 ወንዱ 5 ዓመታቸው ነው፣ ሁለቱም እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለዱት። አምና ለሃሎዊን የወረቀት ዱባና የሌሊት ወፍ ሰርተው ቤቱን ሞሉት፣ ለፈረንጅ ገና ደሞ በረዶ ቆርጠው መስኮቱን ሁሉ ለጠፉበት፣ እና በቀደም ልጄ "ማሚ የኛ በዓል ግን ወረቀት የለውም?" አለችኝ። ሳቅኩኝ፣ ግን ማታ ስተኛ ከነከነኝ። መስከረም 1 2019 ሴፕቴምበር 11 አርብ ነው የሚውለው፣ ትምህርት አላቸው፣ ቀኑም እዚህ የሐዘን መታሰቢያ ስለሆነ ክፍል ውስጥ ሆ በሉ ማለት ይከብደኛል፣ ስለዚህ ሐሙስ ማታና ቅዳሜ ቤት ውስጥ የምንሰራው ነገር ነው የፈለኩት። አደይ አበባ በወረቀት ሞክሬ እንቁላል ጥብስ መሰለብኝ። ቀላል አሰራር ያላችሁ እስቲ ወዲህ በሉ፣ ትንሹ ደሞ መቀስ ገና በደንብ አይዝም፣ እሱን ምን ላሰራው?

ኬጂ አስተማሪ (አዲስ አበባ)፦
ሃሃሃ የኔ ውድ፣ እንቁላል ጥብስ የመሰለው መሃሉን ትልቅ አድርገሽው ይሆናል። የአደይ መሃሏ ትንሽ ነው፣ ዙሪያዋን ያሉት ቅጠሎች ናቸው ሰፋ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜም 8 ናቸው። 8 ደሞ ወረቀት ለማጠፍ የተመቸ ቁጥር ነው። ቢጫ ወረቀት መዳፍሽን የሚያህል ካሬ አድርገሽ ቁረጪ፣ ለሁለት እጠፊ፣ ድጋሚ ለሁለት፣ ትንሽ ካሬ ይወጣሻል። አሁን የወረቀቱ መሃል የነበረው ጥግ የቱ እንደሆነ ለዪና ከዛ ጥግ ተነስተሽ በሰያፍ እጠፊው፣ ሶስት ማዕዘን ይሆናል። ሹሉን ይዘሽ ከላይ ያለውን ሰፊውን ጎን ክብ አድርገሽ ቁረጪ፣ የአይስክሬም ኮን ሲመስልሽ በቃ። ስትዘረጊው ስምንት ቅጠል ነው። ሹሉ ከተቆረጠ ግን መሃሉ ይበሳል፣ ልጆቹ ሁሌ እዛ ጋ ነው የሚያበላሹት፣ እኔ ጫፉን በቀይ ማርከር ቀብቼ "እዚህ ውሻ ተኝቷል እንዳትቀሰቅሱት" እላቸዋለሁ፣ ይሰራል። ከዛ እያንዳንዱን ቅጠል እርሳስ ላይ ትንሽ ጠቅለል አድርጊው፣ ጠፍጣፋነቱ ይጠፋና አበባ ይመስላል።
ለትንሹ ቄጤማ! መቀስ አያስፈልገውም፣ ጋዜጣ አረንጓዴ ቀለም አስቀቢውና ሲደርቅ በእጁ ይቅደደው። ጋዜጣ ባንዱ አቅጣጫ ስትቀጂው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ በሌላው ይጣመማል፣ መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪና አቅጣጫውን አሳዪው፣ ከዛ ፍራሽ የሚሞላ ቄጤማ ይቀድልሻል። ኮላ ካለቀብሽ ደሞ አንድ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት በትንሽ ውሃ በጥብጠሽ እሳት ላይ ማማሰል ነው፣ ቢልሱትም አይጎዳቸውም፣ ይልሱታል ደሞ።

የድሮ ሰዓሊ፦
ልጄ፣ ወንዱን ቄጤማ ብቻ እንዳታስቀድጂው። በኛ ጊዜ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዱ ስዕል ይዞ ነበር የሚዞረው። ጳጉሜ ከገባች እንቅልፍ የለም፣ ደብተር መሃል ያለውን ወረቀት ገንጥለን (በኋላ ያስገርፈናል) ለአራት ቆርጠን መልአክ ፀሐይ አበባ እንስላለን፣ መልአክ መሳል የማይችል ወረቀቱን ዘይት ቀብቶ ከጓደኛው ላይ ይገለብጣል፣ አረንጓዴ ከለር ያለቀበት ቅጠል ያሽበታል። መስከረም 1 ጠዋት በየቤቱ "እንቁጣጣሽ" ብለን ሰጥተን ስሙኒ ስንቀበል ዓለማችን ነበር። ዛሬ ሰፈሬ የሚመጡት ልጆች ፎቶ ኮፒ ይዘው ነው፣ አንዱ አምና የሰጠኝና ጎረቤቴ የተሰጣት መልአክ አንድ ነው፣ አስር ብር ስትሰጠው ደሞ ፊቱን ያጠቁርብሃል።
አሁን ላንቺ ልጅ የምለው፣ ዘንድሮ ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ ነው የምንሻገረው፣ የሉቃስ ምልክቱ ላም ነው፣ ስለዚህ ቀንድ ያለው ነገር ይሳል። የማርቆስ አንበሳ ነው፣ የዮሐንስ ንስር፣ የማቴዎስ ሰው፣ በየዓመቱ ተራ እየገባ በአራት ዓመት ይዞራል። አንድ አንድ እያደረግሽ አስቀምጪ፣ ልጁ 9 ዓመት ሲሞላው የሳላቸውን አራቱንም ደርድሪለት። ዋናው ግን ፍሪጅ ላይ እንዳትለጥፊው። እንቁጣጣሽ ለሰው የሚሰጥ ነው፣ ይዞት ሄዶ በር ያንኳኳ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ (ሜሪላንድ)፦
ጋሼ ስዕሉ ላይ እስማማለሁ ግን ወንድ ሴት ብለን ባንከፍላቸው፣ የኔዋ ሴት ልጅ ናት ቤት ውስጥ የምትስለው፣ ወንዱ ነው አበባ ቆራጩ። እህቴ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እዚህ አካባቢ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም እርጥብ ሜዳ ላይ በመንገዱ ዳር ቢጫ አበባ ይወጣል፣ ቲክሲድ ሰንፍላወር ይሉታል፣ የአደይ የቅርብ ዘመዷ ነው፣ ሁለቱም ባይደንስ ከሚባለው ወገን ናቸው (ባይደን አላልኩም)። ልጆቹን ወስደሽ አሳዪያቸውና ከዛ በወረቀት ይስሩ፣ የማያውቁትን አበባ ስሩ ስትያቸው ነው እንቁላል የሚሆነው። ዋዜማ ማታ ደሞ ችቦ፦ የሶፍት መሃል ያለውን ካርቶን ሶስት አራት በኮላ ቀጣጥለሽ ጫፉ ላይ ቀይና ብርቱካናማ ስስ ወረቀት ቆራርጠሽ ማስገባት ነው። አፓርትመንት ውስጥ እውነተኛውን ብትለኩሺ የጭስ አላርሙ ነው እዮሃ የሚልልሽ።

የሁለት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ)፦
ኧረ ተባረኩልኝ!! ትናንት ለልምምድ ብለን ተቀመጥን። አበባው በሶስተኛው ወጣ፣ የውሻው ነገር እውነትም ይሰራል፣ ልጄ አሁን 14 ሰርታለች። ትንሹ ቄጤማውን አምስት ደቂቃ ቀዶ ተወውና ላሙ ላይ ተተከለ፣ አምስት እግር አለው፣ አንዱ ጭራ ነው እያለ ይከራከረኛል። ጋሼ እንዳሉት ለሰው ነው የሚሰጠው ስለው በዓሉ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ብለው አልሰማም፣ ፒጃማውን እንደለበሰ ፊት ለፊት ያለችውን የኤልሳልቫዶር ሴትዮ አንኳኳ፣ "ኢንቁታታሽ" ብሎ ሰጣት፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት አንድ ዶላር አምጥታ ሰጠችው። አሁን የፎቁን በሮች በሙሉ ቁጥራቸውን እየጻፈ ነው፣ ወረቀት ጨረሰብኝ።