በነሐሴ ወር 10 መጽሐፍ ለማንበብ ላሰባችሁ፦ ከየት ይገኛል? የት ይነበባል?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ነሐሴን 10 መጽሐፍ ላነብበት ነው፤ ከየት ብገዛ ይሻለኛል?" አለችኝ። መልሱ ረዘመብኝና እዚህ ጻፍኩት። አምና እኔም ይቺኑ ዕቅድ ይዤ ተነሥቼ ነበር። 10 ብዬ 4 ላይ ቀረሁ። ከገዛኋቸው ውስጥ ሦስቱ እስካሁን አልተገለጡም።

መጀመሪያ ሒሳቡ። የኛ ወር ድፍን 30 ቀን መሆኑ ይመቻል። 10 መጽሐፍ በ250 ገጽ ብትይዙት 2,500 ገጽ ነው። በቀን 83 ገጽ ይደርሳችኋል። እኔ አንድ ገጽ በሁለት ደቂቃ ነው የማነበው። ስለዚህ በየቀኑ ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሊኖረኝ ይገባል ማለት ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ለሚያመሽ ሰው ይሄ ቀልድ ነው። ጳጉሜን ለማካካሻ ብታስገቡ እንኳ አብዛኛውን ዓመት 5 ቀን ናት፤ ያኔም በቀን ከ71 ገጽ በታች አትወርዱም።

ወደ ጥቆማው ስመጣ፣ መግዛትን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀት ከተወደደ ወዲህ 10 አዲስ መጽሐፍ በአንድ ወር መግዛት ኪስ ያራቁታል። ዋናው ግን ሌላ ነው። የገዛሁት መጽሐፍ የትም አይሄድብኝም። "ነገ አነበዋለሁ" እያልኩ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

መግዛት ካለባችሁ ያገለገለ ይሻላል። ድሮ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ ዞር ዞር ማለት ይበቃ ነበር። አሁን ከተማው ሲፈርስና ሲሠራ ቦታ የቀየሩ ሻጮች አሉ፤ ደንበኛችሁ የሆነውን ስልኩን ያዙ። ስትገዙ ሽፋኑን ሳይሆን ውስጡን ገልጡ። የገጽ ቁጥሩን ከመጨረሻው ወደ ፊት ቁጠሩ። እኔ አንዴ የፖሊስ ታሪክ ገዝቼ፣ ገዳዩ ሊታወቅ ሲል 16 ገጽ ጎደለኝ። እስካሁን ማን እንደገደለ አላውቅም። ቀለሙ የደበዘዘና መስመሩ የተንጋደደ ከሆነ ደግሞ በድብቅ የተባዛ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ።

የኔ አንደኛ ምርጫ ማን መሰላችሁ? የሰፈር መጽሐፍ አከራይ። አዎ፣ ድሮ መያዣ አስይዘን የምንወስድበት ያቺ ጠባብ ሱቅ። ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ ግን ጠይቁ፣ አንዳንድ ሰፈር አሁንም አለ። ኪራዩ በቀን ስለሚቆጠር መጽሐፉ አልጋ ራስጌ ሲተኛ ገንዘብ ይበላል። አምና ከጨረስኳቸው 4 መጻሕፍት 3ቱ የኪራይ ነበሩ። ጉዳቱ ምርጫው ነው፤ ልቦለድ ሞልቷል፣ ታሪክና ሳይንስ ግን እምብዛም ነው። ከጓደኛ መዋስም ያው ነው፣ መመለሻ ቀን ከተቆረጠለት። ካልተቆረጠለት ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ መጽሐፉም ወዳጅነቱም ይጠፋል።

ቤት ውስጥ ጸጥታ ለማታገኙ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት። በ2014 የተከፈተው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ሰፊና ብርሃናማ ነው፤ መግቢያ አይከፈልም። ቅዳሜ ጠዋት ግን አርፍዳችሁ አትሂዱ፤ ፈተና የሚያጠና ተማሪ ወንበሩን ይይዘዋል። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላ ዓይነት ቦታ ነው። በ1936 የተመሠረተ ሲሆን በሀገር ውስጥ የሚታተም ሁሉ ቅጂው እንዲገባለት ሕግ ያዛል። ገበያ ላይ የጠፋ አሮጌ መጽሐፍ ወይም ጋዜጣ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እዚያ ነው። ለወር ግብ ግን አይሆንም። አንዱን ፍለጋ ሄጄ የ1960ዎቹ ማስታወቂያ ሳነብ ቀኑ መሽቶብኛል። ጥሩ ቀን ነበር፣ ግን ከ83ቱ ገጽ አንዱንም አላነበብኩም።

ታክሲ ውስጥ ማንበብ ጭንቅላቴን ያዞረኛል። ለዚያ ሰዓት ትረካ ነው። ተራኪ የተባለው መተግበሪያ የአማርኛ መጻሕፍት በድምፅ አሉት። ማታ በዋይፋይ አውርዱት፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ታሪኩም ይቆራረጣል። ከመክፈላችሁ በፊት የአንባቢው ድምፅ ይስማማችሁ እንደሆነ ስሙ፤ 9 ሰዓት አብሯችሁ የሚውል ሰው ነው። "መስማት ማንበብ ነው ወይ?" የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። ከመጻሕፍት ዓለምን በሬዲዮ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ እኔ እቆጥረዋለሁ።

የቴሌግራም ፒዲኤፍስ? ነፃ ነው፣ ብዙ ነው፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። ደራሲው ሳይፈቅድ የተበተነ ከሆነ ግን ስርቆት ነው፤ የቅጂ መብት አዋጁም ከ1996 ጀምሮ አለ። ለንባቡም አይመችም። ስካን የተደረገ ገጽ ስልክ ላይ ፊደሉ ጤፍ ያህላል፤ ስታሰፉት መስመሩ ከስክሪን ይወጣል። በዚያ መሐል አንድ መልእክት ከላይ ብቅ ይላል፣ አበቃ። ደራሲዎች ራሳቸው በነፃ የለቀቁት ሲሆን ግን ደስ ብሏችሁ አውርዱ።

ለባልደረባዬ የነገርኳት ይሄን ነው። ከ10 ወደ 6 አውርጂው፦ 3 በኪራይ ወይም በውሰት፣ 2 በትረካ፣ 1 ደግሞ ገዝተሽ ካቆየሽው። የትረካዎቹን ትታችሁ ብትቆጥሩ በወረቀት የሚቀረው 1,000 ገጽ ነው። በቀን 34 ገጽ ይሆናል። ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት ከምናምን ይበቃዋል፤ መብራት ከጠፋም በባትሪ ይወጣል። እሷ "ቢያንስ 8" ብላ ተከራከረችኝ። በ7 ተስማምተናል፤ ሰባተኛው የግጥም ይሆናል።

አሁን የኔ ተራ ነው። የድሮው አከራዬ ሱቁን ዘግቶ ጁስ ቤት ሆኗል። ሳሪስ ወይም ቃሊቲ መስመር ላይ አሁንም መጽሐፍ የሚያከራይ ካወቃችሁ ሰፈሩን፣ መያዣውንና የቀን ኪራዩን ጻፉልኝ። ነሐሴ ሳይገባ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።