ከምድጃ ሲወጣ የሚጎብጠውን ባለ 4 ሌየር ቦርድ በምን ላስተካክለው?

ሰላም ለሁላችሁ። ቦርዱ አራት የመዳብ ንብርብር (ሌየር) ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ቦርድ ነው፤ ስፋቱ 200 በ120 ሚሊሜትር፤ ውፍረቱ 1.6፣ ከኤፍአር4 (ከተለመደው የፋይበርግላስና ኢፖክሲ የቦርድ ቁስ) የተሠራ፣ መዳቡ በሁሉም ሌየር 35 ማይክሮን። ዕቃዎቹ 1ኛው ሌየር ላይ ናቸው። 2ኛው ከዳር እስከ ዳር ግራውንድ (የዜሮ ቮልት ማጣቀሻ የሆነ መዳብ) ነው። 4ኛው ላይ የጣት ንክኪ ቁልፎች አሉ። 3ኛውን ከቁልፎቹ ጀርባ ሆን ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ስለዚህ ከግማሽ በላዩ መዳብ የለውም።

ከፋብሪካ ሲመጣ ቀጥ ያለ ነው። ዕቃዎቹ የሚበየዱበት ሪፍሎው ምድጃ ገብቶ ሲወጣ ግን ጉድ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አራቱ ማዕዘኖች ይነካሉ፣ መሃሉ 2.4 ሚሊሜትር ይነሳል። ይህ 1.2 በመቶ ነው፤ አይፒሲ (የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪው የደረጃ አውጪ ማኅበር) ለእንዲህ ዓይነት ቦርድ የሚፈቅደው 0.75 በመቶ ነው። በዚህ ላይ ዳር ያሉት ቁልፎች ከፊት መስታወቱ ጋር አይገጥሙም።

ከምድጃው ሲወጣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አደረግኩት፤ ለውጥ የለም። የ2ኛውና የ3ኛው መዳብ እንዲመጣጠን 3ኛውን ሌየር በግራውንድ ሞላሁት። ቦርዱ ቀጥ አለ፣ ቁልፎቹ ግን ጣት መለየት አቆሙ። ግራውንዱ ሲቀርባቸው የቁልፎቹ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ይጨምራል፣ የጣቱ ምልክት ይዋጣል። የሚጠበቅ ነበር፣ ግን መሞከር ነበረብኝ።

አሁን ፋብሪካው 3ኛው ላይ ከምንም ጋር ያልተያያዙ የ1 ሚሊሜትር የመዳብ ነጠብጣቦች ልጨምር ይላል። እኔ ደግሞ 2ኛውን ግራውንድ ፍርግርግ አድርጌ መዳቡን ልቀንስ ብዬ አስባለሁ፤ ከ1ኛው ሌየር ለሚያልፉት ፈጣን የሲግናል መስመሮች ግን ፍርግርግ አይመቸኝም።

እንዲህ ዓይነት ነጠብጣብ ከንክኪ ቁልፍ ጀርባ አድርጎ የሠራ ካለ፣ የቁልፉ ስሜት ምን ያህል ቀነሰበት?